«ዓይኔ ጨለመብኝ» ሲባል፣ ዓይን ነው ወይስ ልብ?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የጤና ጉዳይ ተጠሪያችን ያደረጉት ንግግር ነው። ለመገኘት ላልቻሉ አባላት ሲባል በዚህ ሰሌዳ ላይ ወጥቷል።)



ባለፈው ስብሰባ አንድ አባት ተነሥተው፣ «ጎረቤታችን አሜሪካ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ደረታቸው ውስጥ ያስገቡት ማሽን ለእኔስ የዓይን ሞራ አይሆንም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አይደለም። እኔ ራሴ ይህን ያህል ዘመን በነርስነት አገልግዬ ዓይንንና ልብን አምታትቻለሁና።

ጎረቤታችን «ይነገር፣ ለሌላው ትምህርት ይሆናል» ስላሉኝ ልናገር። ሁለት ዓመት ሙሉ «ዓይኔ ጨለመብኝ» እያሉ ሲነግሩን ነበር። እኛም «ዕድሜ ነው፣ መነጽር ይግዙ» አልናቸው። እንዲህ ካሉት አንዷ እኔ ነኝ። መነጽሩን ሁለት ጊዜ ቀየሩ። አንድ ቀን ጠዋት ቦኖው አጠገብ ጀሪካናቸውን እንደያዙ ወደቁ። ያን ጊዜ ነው የነቃነው።

እስቲ ነገሩን ለያይተን እንየው።

ዓይን የሚደክመው ቀስ በቀስ ነው። ከ40 ዓመት በኋላ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት ያስቸግራል፤ ለዚህ መነጽር ይበቃል። ሌዘር የሚባለው ሕክምና ደግሞ የዓይንን የፊት ጥርት ያለ ሽፋን ቅርጽ በማስተካከል የመነጽርን ሥራ ይተካል፤ ሞራን ግን አያነሣም። ሞራ ማለት በዓይን ውስጥ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። መድኃኒቱም የደፈረሰውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ መተካት ነው። ይህን ሌንስ መጀመሪያ የተከለው ሃሮልድ ሪድሊ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ሲሆን፣ ጊዜውም እ.ኤ.አ. በ1949 ነበር። ሌንሱ ባትሪ የለውም፣ ምንም አይመዘግብም፤ ዕድሜ ልክ እዚያው ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መነሻው ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ስለዚህ አባታችን፣ የእርስዎ መንገድ ወደ ዓይን ሐኪም ነው፤ የደረት ማሽን አይመለከትዎትም።

የልቡ ነገር ሌላ ነው። ልብ ለጥቂት ሴኮንድ ቀጥ ካለ ወይም ምቱ ከተዛባ ለአንጎል የሚደርሰው ደም ያንሳል፤ ሰውየውም ሁለቱም ዓይኖቹ ድንገት ይጨልሙበታል፣ ያልበዋል፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ይወድቃል። ከዚያ ይነሣና ደህና ይሆናል። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ ልቡ እንደ ልማዱ ይመታል። የተለመደው የልብ ምርመራ ጥቂት ሴኮንድ ነው የሚመዘግበው፤ በሦስት ወር አንዴ የሚመጣን ሌባ በአንድ ሌሊት ዘበኛ መያዝ አይቻልም።

ለዚህ ነው ትንሿን መዝጋቢ ከቆዳ ሥር የሚያስገቧት። ርዝመቷ 4.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ቦታውን አደንዝዘው በግራ ደረት በኩል በጥቂት ደቂቃ ያስገቧታል፤ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ የልብን ምት ትጠብቃለች። ነገር ግን ይህች ዘበኛ ሌባውን አይታ ትመዘግባለች እንጂ አትይዘውም። አታክምም ማለት ነው። ጎረቤታችንን በአራተኛው ወር ልባቸው ቀጥ ሲል መዘገበችው። ከዚያ በኋላ እሷ ወጥታ ፔስሜከር ገባላቸው። ፔስሜከር የልብ ምት ሲዘገይ የሚቀሰቅስ ነው፤ መጀመሪያ በሰው ላይ የተተከለውም እ.ኤ.አ. በ1958 በስዊድን አገር ነበር። ዛሬ ውኃቸውን ራሳቸው ይቀዳሉ።

እንግዲህ ይህን እንያዝ፦

1ኛ/ እይታው ቀስ እያለ የደበዘዘበት ሰው የዓይን ምርመራ ያድርግ።

2ኛ/ ድንገት ጨልሞበት መልሶ የሚበራለት፣ ይልቁንም ልቡ የሚመታበት ወይም የሚወድቅ ሰው መነጽር ቤት አይሂድ። የደም ማነስ ወይም የደም ግፊት መውረድም ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያ ሄዶ ግፊቱን፣ ደሙንና ልቡን ይመርመር።

3ኛ/ አንድ ዓይኑ ድንገት የጠፋበት፣ አፉ የተጣመመ ወይም እጁ የዛለ ሰው ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል ይድረስ።

4ኛ/ ራሱን የሳተን ሰው በጀርባው አስተኝተን እግሩን ከፍ እናድርግለት። ክብሪት ማሽተት አይረዳውም፤ ውኃም በአፉ አይጨመር። ቶሎ ካልነቃ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

5ኛ/ ደረቱ ውስጥ መሣሪያ ያለው ሰው ካርዱን ይያዝ፤ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ሲሄድም አስቀድሞ ይናገር።

በመጨረሻም አንድ አደራ አለኝ። ጎረቤታችሁ «ዓይኔ ጨለመብኝ» ሲል «ዕድሜ ነው» ብላችሁ አትለፉት። «መቼ? ድንገት ነው? ቆመህ ነው ተቀምጠህ?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ያን ጊዜ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።