መጠኑና ምቱ
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የመራባት ሥርዓት ከአንጎል እንደሚታዘዝ የታወቀ ነው። ከሃይፖታላመስ የሚመነጨው ጂ.ኤን.አር.ኤች. የተባለው ፔፕታይድ ፒቱታሪ ዕጢን ይቀሰቅሳል፤ ፒቱታሪም ኤል.ኤች. እና ኤፍ.ኤስ.ኤች. የተባሉትን ሆርሞኖች ወደ ደም ይለቃል፤ እነዚህም በተራቸው የሴቷን ዕንቁልጢና የወንዱን የዘር ፍሬ ያሠራሉ። ይህን ሁሉ የሚያዝዘው ፔፕታይድ 10 አሚኖ አሲዶች ብቻ የተያያዙበት ነው። የአንድሩ ሻሊ ቡድን ቅንብሩን እ.ኤ.አ. በ1971 ይፋ አደረገ፤ ሻሊና ተፎካካሪው ሮዤ ጊየማን ስለ አንጎል ፔፕታይዶች ባደረጉት ምርምር በ1977 የኖቤል ሽልማት ተካፋዮች ሆኑ።

ይሁን እንጂ ቅንብሩን ማወቅ አጠቃቀሙን ለማወቅ አልበቃም። እ.ኤ.አ. በ1978 ኧርነስት ክኖቢልና ባልደረቦቹ የገዛ ጂ.ኤን.አር.ኤች. እንዲቋረጥባቸው ለተደረጉ ሬሰስ ጦጣዎች ፔፕታይዱን በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ሲሰጧቸው ሁለቱ የፒቱታሪ ሆርሞኖች ተመለሱ። ያንኑ ፔፕታይድ ያለ ማቋረጥ ሲያንጠባጥቡላቸው ግን ሆርሞኖቹ አሽቆለቆሉ። ፒቱታሪ የሚታዘዘው በየጊዜው ለሚመጣ ጥሪ ነው፤ ለማያባራ ጥሪ ጆሮውን ይደፍናል።

ከዚህ ግኝት ሁለት ተቃራኒ ሕክምናዎች ተገኙ። ከሃይፖታላመስ ጉድለት የተነሣ የወር አበባዋ ለቀረ ሴት ፔፕታይዱ በትንሽ ፓምፕ ከ60 እስከ 90 ደቂቃ በሚደርስ ልዩነት ሲሰጣት ዕንቁላል ልትለቅና ልትፀንስ ትችላለች። በአንጻሩ የፕሮስቴት ካንሰር ያለበት ሰው ለረዥም ጊዜ የሚሠራውን አምሳያ ሲወጋ ቴስቶስቴሮኑ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ብሎ፣ ከሳምንታት በኋላ እጅግ ዝቅ ይላል። ዕጢው ሲገታ የሩካቤ ፍላጎቱም አብሮ ይቀዘቅዛል። ይህን አስቀድሞ ያልተነገረው ሕመምተኛ ለውጡን የራሱ ድካም አድርጎ ይቈጥረዋል፤ በትዳሩም መካከል ዝምታ ይገባል።

ፍላጎትን ለማነሣሣት የሚሰጠው ብሬሜላኖታይድ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ይህ ፔፕታይድ የሚሠራው በአንጎል ባሉት የሜላኖኮርቲን ተቀባዮች ላይ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 የተፈቀደው ለማረጥ ላልደረሱ፣ በሌላ ሕመም ወይም መድኃኒት ምክንያት ሳይሆን ፍላጎታቸው ጠፍቶ በዚሁ ለሚጨነቁ ሴቶች ነው። ማቅለሽለሽ ያበዛል፤ የደም ግፊትንም ለጥቂት ሰዓታት ከፍ ስለሚያደርግ፣ ግፊታቸው ላልተቈጣጠረ ወይም የልብና የደም ሥር በሽታ ላለባቸው አይሰጥም። መካንነትን አያክምም፤ በባልና በሚስት መካከል ያለውን ቅሬታም አይፈታም።

እንግዲህ የሐኪሙና የፋርማሲስቱ ኃላፊነት መጠኑን በመጻፍ አያበቃም። ፔፕታይዱ በየትኛው ተቀባይ ላይ እንደሚሠራ፣ በምን ምት እንደሚሰጥና ሕመምተኛው የሚሻው ልጅ ይሁን ወይስ ፍላጎት አስቀድሞ መጠየቅ ይኖርበታል። ይህ ሳይጠየቅ የተሰጠ መድኃኒት ሊከፍተው የታሰበውን በር ሊዘጋው ይችላል።