አንድ ሲሸጥ አንድ መስጠት፤ ቆጠራውና ችግሩ




ዛሬ የማነሣው ነገር ለጊዜው ከሙያችን የራቀ ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን የእኛው ጉዳይ ሆኖ ይገኛል። ይኸውም አንድ ዕቃ በሸጡ ቁጥር አምሳያውን ለችግረኛ የሚሰጡ የንግድ ድርጅቶች አሠራር ነው።

ብሌክ ማይኮስኪ የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ በአርጀንቲና ጫማ የሌላቸውን ሕፃናት ተመልክቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ቶምስ የተባለውን የጫማ ድርጅት አቋቋመ። ደንቡ አጭር ነበር፤ አንድ ጥንድ ሲሸጥ አንድ ጥንድ ይሰጣል። ይህ ለገዥው ወዲያው ይገባዋል፤ ሻጩም ለመቁጠር አይቸገርም። ሌሎች ድርጅቶች አሠራሩን የተከተሉትም ስለዚሁ ቅለቱ ነው።

ዳሩ ግን ቁጥሩ የሚለካው የሰጪውን ሽያጭ እንጂ የተቀባዩን ችግር አይደለም። ለዚህ ምሳሌ ከአገራችን አናጣም። በወላይታና በሌሎችም ደጋማ ቦታዎች፣ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚሄድ ገበሬ በዝሆኔ በሽታ እግሩ ሊያብጥ ይችላል። በዚህ ረገድ የጫማ ስጦታ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ በሽታውን የሚከላከለው ከልጅነት ጀምሮ ሳያቋርጡ መጫማትና እግርን በውሃና በሳሙና መታጠብ ነው። የልጅ እግር ያድጋል፤ ጫማም ያልቃል። ታዲያ ተከታዩ ጥንድ ከየት ይመጣል?

ቶምስ ራሱ የተባበረበት ጥናት በኤል ሳልቫዶር ገጠር ተካሂዶ ነበር። ልጆቹ ጫማውን ወደውት ተጫምተውታል፤ በአካባቢው ገበያ ላይ የታየው ጉዳትም ጥቂት ነው። ሆኖም ስጦታው በጠቅላላ ኑሯቸው ላይ ያመጣው ለውጥ እምብዛም ነበር፤ «የቤተሰባችንን ፍላጎት ሌሎች ሊያሟሉልን ይገባል» የሚሉትም ጫማ ካገኙት ልጆች መካከል በዝተው ተገኙ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2021 የአንድ ለአንድ ስጦታውን ትቶ፣ ከትርፉ ሲሶውን በየአካባቢው ለሚሠሩ ማኅበራት ለመስጠት ወስኗል። ስሕተትን አይቶ አሠራርን ማረም የሚያስመሰግን ነው።

እኔም ከዚህ ወቀሳ ነፃ አይደለሁም። ሥራ በጀመርሁበት ዘመን፣ ለአንድ የገጠር ቀበሌ በስጦታ የመጣ የውሃ ፓምፕ ፈርሜ ተረክቤአለሁ። የዚያን ዕለት ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለን። ዓመት ሳይሞላ ግን አንዲት የጎማ ቀለበት ተበጠሰች፤ ልኳም በገበያ አልተገኘም። ለምርመራ ስመለስ አንዲት አረጋዊት እናት፣ «ልጄ፣ አስቀድመህ ጠይቀኸን ቢሆን ኖሮ ገመድና ባልዲ እንልህ ነበር» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

በገንዘቡ የገዛ ሰው ዕቃው ቢበላሽበት ይመልሳል፤ ይከራከራል። በነፃ የተቀበለ ግን አመስግኖ ዝም ይላል። እኛ መሐንዲሶችም ዝምታውን እንደ እርካታ ቆጥረን በሪፖርታችን «ሥራው ተፈጽሟል» ብለን እንጽፋለን።

ስለሆነም ለባልደረቦቼ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ማናቸውንም የስጦታ ዕቃ ከመረከባችን በፊት፣ ተጠቃሚው ምን እንደ ጠየቀ፣ መለዋወጫው የት እንደሚገኝ፣ ጠጋኙም ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቅረብልን። መልስ የሌለው እንደሆነ ፊርማችንን እናቆይ። ይህን ማድረግ ለጋሹን ማሳፈር አይደለም፤ ተቀባዩን እንደ ደንበኛ ማክበር ነው።