ስለ ቤዝ ጊታር አቃናን



የሙዚቃ ክፍላችን ቤዝ ጊታር ክሮቹ ከፍሬቶቹ ጋር እየተጋጩ ድምፁን ያበላሹት ነበር። እኔም ምክንያቱን ሳልመረምር የብሪጁን ብሎኖች አዙሬ ክሮቹን ከፍ አደረግኋቸው። ይህን ጊዜ ለጣት የማይመቹ ሆኑ። ጥፋቱ ግን ከአንገቱ ነበር፤ ወደ ኋላ ጐብጦ ኖሯል።

አራቱ ክሮች አንገቱን ወደ ፊት ይስባሉ፤ በውስጡ የተቀበረው የብረት ዘንግ ደግሞ ይመልሰዋል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ክሮቹን ቃኙ። ከዚያም ወፍራሙን ክር በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጫኑት። በ8ኛው ፍሬት አጠገብ 0.3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይኑር። ክፍተቱ ከበዛ ዘንጉን ማጥበቅ፥ ከጠፋ ማላላት ነው፤ ነገር ግን በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር አይለፍ።

ቀጥሎ የክሮቹን ከፍታ በብሪጁ አስተካክሉ። በመጨረሻም በ12ኛው ፍሬት የተጫነው ክር ከባዶው ክር በትክክል አንድ ኦክታቭ ከፍ ይበል። ከዚያ አልፎ ከቀጠነ፥ ክሩ የሚያርፍበትን ትንሽ ብረት ከአንገቱ አርቁት።

ከእጅ የቀረበውን ብሎን ከማዞር በፊት የተሰወረውን መመርመር እንደሚገባ የተማርሁት ከዚህ ነው። ዛሬ በበዓላችን የምትሰሙት ያንኑ ጊታር ነው።