ተማሮችን በአንድ ቀን ወደ ተራራ ራስ አውጥቶ ስለ መመለስ



የኤውሮፓ መጻሕፍት ተማሪን ወደ ተራራ ለማውጣት ሐምሌንና ነሐሴን ይመርጣሉ፤ በዚያ እነዚህ ወራት የሙቀት ወራት ናቸውና። በኢትዮጵያ ደጋ ግን ሐምሌና ነሐሴ ክረምት ነው፤ መንገዱ ይጨቀያል፣ በረዶ ይወርዳል፣ መብረቅም ከፍ ያለውን ቦታ ይወዳል። ስለዚህ ምክሩን ከመጽሐፍ የሚወስድ መምህር አስቀድሞ ወሩን ይለውጥ። ለዚህ ጉዞ የሚሻለው በጋ ነው፤ ከበጋውም ጥቅምትና ኅዳር፤ ዝናሙ አየሩን አጥቦት ሩቁ አገር ይታያልና። ወደ ጥርና ወደ የካቲት ሲገፋ አቧራው አድማሱን ይጋርደዋል።

ለምሳሌ ሁሉ ስሙን የሚያውቀው የእንጦጦ ጋራ ይወሰድ። ዳግማዊ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ይህን ተማሪው በክፍል ተቀምጦም ሊማረው ይችላል። በጋራው ራስ ላይ ቆሞ ብቻ የሚገባው ግን ሌላ ነገር አለ። በስተደቡብ የወረደው ዝናም ወደ አቃቂ፣ ከአቃቂም ወደ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ከባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ይቀራል። በስተሰሜን በሱሉልታ በኩል የወረደው ግን በሙገር አድርጎ ከዓባይ ይቀላቀላል፤ ሱዳንንና ግብጽን አልፎ እስከ ሜዲቴራኒያን ባሕር ይሄዳል። መምህሩ ሁለት ልጆችን በጋራው ጀርባ ላይ፣ አንዱን በዚህ አንዱን በዚያ አቁሞ ከኮዳቸው ጥቂት ውሃ ቢያስፈስሳቸው፣ የውሃ መለያ ምን እንደ ሆነ ዳግመኛ መጠየቅ አያስፈልገውም። ቀኑ የጠራ እንደ ሆነ ዝቋላና የረር፣ ወጨጫም በየወገናቸው ይታያሉ።

ከዚህ በኋላ ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ከአዲስ አበባ መካከል ከ2,400 ሜትር ገደማ ተነሥቶ 3,200 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው የጋራ ራስ ለመድረስ 800 ሜትር ሽቅብ መውጣት አለ። ዊልያም ናይስሚዝ የተባለ የስኮትላንድ ሰው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1892 ባወጣው ስሌት፣ ብርቱ መንገደኛ በአንድ ሰዓት አምስት ኪሎሜትር ያህል ይሄዳል፤ ሽቅብ ለሚወጣው ለየ600 ሜትሩ ደግሞ አንድ ሰዓት ይጨመርበታል። መንገዱ 10 ኪሎሜትር ቢሆን ድምሩ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው። ነገር ግን ይህ ስሌት ዕረፍትን አይቈጥርም፤ ልጅንም አያውቅም። በ3,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳር ካለው ከሦስት እጅ ሁለት እጅ በጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ስለዚህ በቈላ ያደገ ልጅ ትንፋሹ ቶሎ ይቈረጣል። ለልጆች አምስት ሰዓት ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ከጧቱ 12 ሰዓት የተነሣ ጉዞ በ5 ሰዓት ይደርሳል። ቢዘገይስ? መምህሩ ከመነሣቱ በፊት የመመለሻውን ሰዓት ቈርጦ ለሁሉ ይንገር፤ 7 ሰዓት በሆነ ጊዜ ከራሱ ለመድረስ ሁለት መቶ እርምጃ ቢቀርም ይመለስ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ያኰርፋሉ፣ መምህሩም ያፍራል። ሆኖም በዚህ አገር ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የምሽቱ ብርሃን ብዙ አይቈይም፤ የደከመ ጉልበትም በቍልቍለት ይከዳል። ጨለማ ከጫካ ውስጥ ያገኘው አንድ ልጅ ቢጠፋ፣ የደረሱበት ከፍታ ለእናቱ ምን ይሆናታል?

ሽማግሎች የሚያስፈልጉት በዚህ ላይ ነው። የትኛው ምንጭ በኅዳር እንደሚደርቅ፣ መንገዱ በማን ማሳ አጠገብ እንደሚያልፍ የሚያውቁ እነርሱ ናቸው፤ በእነዚህ ወራት ብዙው እህል ገና አልታጨደምና፣ አርባ ልጅ ገብስ ረግጦ ቢያልፍ ትምህርት ቤቱ ከባላገሩ ይጣላል። አገሩ ሰላም መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ የሚያጠራጥር ወሬ ካለ ጉዞው ይቅር። በመንገድም መምህሩ ከፊት ይሂድ፣ አንድ የታመነ ሽማግሌ ከሁሉ በኋላ። እጅግ የሚዘገየው ልጅ ከመምህሩ ቀጥሎ ይሰለፍ፤ ከኋላ ከተተወ ሌሎቹ ዐርፈው ሲጠብቁት እርሱ ሲደርስ ይነሣሉ፤ ስለዚህ እርሱ ብቻ ሳያርፍ ይውላል።

ስንቁ ቈሎ፣ በሶና ዳቦ ይሁን፤ በጾም ቀንም አይከለከሉም። ውሃ ለየልጁ ከአንድ ሊትር አይነስ። ልብስ ደግሞ፣ በየ1,000 ሜትሩ ሽቅብ ብርዱ በስድስት ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር፣ በላብ የወጣ ልጅ ከላይ በነፋስ ቆሞ እንዳይታመም ጋቢ ወይም ኩታ ይያዝ። በእንጦጦ መንገድ ላይ ለብዙ ዘመን እናቶች የማገዶ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ሲወርዱ ኖረዋል፤ ሸክም የያዘ ሰው ሲመጣ ተማሮቹ ከመንገዱ ወጥተው ያሳልፉ።

መምህሩ የልጆቹን ስም በወረቀት ይያዝ፤ ሲነሡ፣ በየዕረፍቱ፣ ከራሱ ላይ፣ በመጨረሻም በትምህርት ቤቱ ደጅ በየስማቸው ይጥራቸው። ቤቱ ሩቅ የሆነውንም ልጅ ሰው ጨምሮ ይስደደው።