ትምህርት ቤት በተዘጋ ጊዜ የወላጆች አሳብ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)






በበዓል ቀን ስለ ተከፈተ ትምህርት ቤት መናገር የተለመደ ነው። እኛ ግን ስለ ተዘጋ ትምህርት ቤት ጥቂት እንድንናገር ፈቃዳችሁ ይሁን። ይህን የምናደርገው የበዓሉን ደስታ ለማደብዘዝ አይደለም። የአንድ ትምህርት ቤት ዕድሜ ሲቈጠር ደጃፉ ተዘግቶ ሣር የበቀለበት ጊዜም አብሮ መቈጠር አለበት ብለን ስለምናምን ነው። ደግሞም በዚያ ጊዜ እናንተ ወላጆቻችን የተጨነቃችሁት ጭንቀት በክፍል መዝገብ ላይ አይገኝም።

እንደምታስታውሱት የኮሮና በሽታ በአገራችን መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ መጋቢት 7፣ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ። ትእዛዙ በመጀመሪያ ለሁለት ሳምንት ብቻ ነበርና እኛ የዚያን ጊዜ የ5ኛና የ6ኛ ክፍል ልጆች ደብተራችንን ይዘን እየሮጥን ወደየቤታችን ገባን። ሁለቱ ሳምንት ግን ወር ሆነ። መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ተነገረ፤ ትንሣኤ መጣና አለፈ፤ ክረምቱ ገባ፤ ቡሔም አለፈ። የትምህርት ቤት በር እንደ ገና መከፈት የጀመረው በ2013 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ነው። ሰባት ወር ያህል መሆኑ ነው። በመላው ኢትዮጵያ ከ26 ሚሊዮን የሚበልጡ ተማሪዎች ከቤት ዋሉ።

በሽታ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። በ1858 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በጣና ዳር በቆራጣ ሰፍሮ የነበረውን የዐፄ ቴዎድሮስን ሠራዊት ኮሌራ በያዘው ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ሰፈሩን ነቅለው ወደዚሁ ወደ ደብረ ታቦር ደጋ መጥተዋል። በ1911 ዓ.ም. ደግሞ የኅዳር በሽታ የተባለው አዲስ አበባ ላይ ብዙ ሰው ፈጅቷል። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚታጠነው የዚያ መታሰቢያ ነው ይባላል። ነገር ግን በ1911 ዓ.ም. «ትምህርት ቤት ተዘጋብኝ፤ ልጄ ምን ይሆን?» ብሎ እንቅልፍ ያጣ የፋርጣ ገበሬ ነበረ ለማለት ያስቸግራል። የሚዘጋበት ትምህርት ቤት አልነበረውምና። በ2012 ዓ.ም. ግን ይህ አሳብ ከከተማችን መንደሮች አንሥቶ እስከ ጉና ሥር፣ ከፎገራ ሜዳ እስከ ስማዳ ቆላ ድረስ በየቤቱ ገባ። እንግዲህ የወላጆቻችን ጭንቀት ራሱ ትምህርት ወደየቤቱ መግባቱን ያስረዳል። ስለዚህ «ያልተማረ ወላጅ ስለ ትምህርት አያስብም» የሚሉት ሰዎች ያንን ዓመት በደንብ ያዩ አይመስሉንም።

የጭንቀቱ ዓይነት ብዙ ነበር። ትምህርት ቤቱ ክፍት ሆኖ ቢቈይ ልጁ በሽታውን ይዞ መጥቶ ሽማግሌ አያቱን ያስይዛል፤ ተዘግቶ ቢቀር ደግሞ የተማረውን ይረሳል። ወላጅ በሁለት እሳት መካከል ቆመ ማለት ነው። ከጋይንትና ከእብናት መጥተው በከተማ ቤት ተከራይተው የሚማሩ ታላላቅ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሰሌናቸውን ጠቅልለው ወደየአገራቸው ሄዱ። ቅዳሜ ቅዳሜ ድርቆሽና ሽሮ ስንቅ የሚያቀብል አባት ስንቅ ማመላለሱ ቀረለት፤ ነገር ግን ክፍሉ ለሌላ ተከራይ እንዳይሰጥበት ለባዶ ቤት ኪራይ የከፈለ አባትም ነበረ። «ልጄ ይመለሳል» የሚለውን ተስፋውን በወር በወር በገንዘብ ይከፍል ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የከበደው ሥጋት ግን «ልጁ ይመለስ ይሆን?» የሚለው ነበር። በእርሻ አገር የልጅ ጉልበት የት እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በሰኔ እርሻ አለ፤ በሐምሌና በነሐሴ አረም አለ፤ ከብት ሁልጊዜ አለ። ልጅ ከቤት ሲውል ማንም ክፉ ሳያስብበት ሥራው ራሱ እየሳበ ይወስደዋል። ትምህርት ቤት በጥቅምት ሲከፈት ደግሞ አዝመራው እየደረሰ ነበርና «መኸሩ ይግባና ትሄዳለህ» የተባለ ጓደኛ ያልነበረው ከመካከላችን የለም። ከእነዚያ መካከል ተመልሰው ያላየናቸው አሉ።

ስለ ልጃገረዶች ሲነገር ድምፅ ዝቅ ማድረግ የተለመደ ነው፤ እኛ ግን ድምፃችንን ዝቅ አናደርግም። ትምህርት ቤቱ የተዘጋው ከትንሣኤ በፊት ነው። ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሠርግ ወራት በተዘጋ ትምህርት ቤት ላይ አለፈ። በሌላ ጊዜ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ልትዳር ሲታሰብ ከክፍል ትቀራለች፤ ስትቀር መምህሩ ይጠይቃል፤ ጓደኞቿ ወሬውን ለመምህሩ ያደርሳሉ፤ መምህሩም ለሚመለከተው ይነግራል። የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው የሚለው ሕግ በገጠር ዓይንና ጆሮ የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። የክፍሉ መዝገብ መጠራቱ ሲቀር ይህ ሁሉ ተቋረጠ። ወላጁም ክፉ ስለሆነ አይደለም። «ትምህርቱ እንደሆነ ቀርቷል፤ እዚህ ሥራ ፈታ ከምትቀመጥ ስሟም ከሚጠፋ ለወግ ትብቃ» ብሎ ያስባል። አንዳንዱም ድግስ ስለ ተከለከለ ወጪው የቀለለለት መስሎት ነበር።

ይህ በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በምዕራብ አፍሪካ በሴራሊዮን በኢቦላ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ዘጠኝ ወር ያህል ተዘግተው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ተከፈቱ። በመዘጋቱ ጊዜ ብዙ ልጃገረዶች አርግዘው ነበርና መንግሥቱ ነፍሰ ጡር ተማሪ ከክፍል እንዳትገባ ከለከለ። ክልከላው የተነሣው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 ነው፤ ማለትም እኛ ትምህርት ቤታችን በተዘጋበት በዚያው ወር። አምስት ዓመት ሙሉ በሩ ለሁሉ ተከፍቶ ለእነርሱ ተዘግቶ ኖረ ማለት ነው። ስለዚህ በር ሲከፈት ማን እንደ ገባ ብቻ ሳይሆን ማን እንዳልገባም መቈጠር አለበት እንላለን።

አሁን ወደ ቤት ውስጥ ትምህርት እንምጣ። መንግሥት ለታናናሾቹ በራዲዮ፣ ለሁለተኛ ደረጃዎቹ በቴሌቪዥን ትምህርት ማስተላለፍ ጀመረ። በከተማም የተማሪ ማስታወሻ በቴሌግራም ይላክ ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ የደከሙበትንም መምህራን እናመሰግናለን። ነገር ግን አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» እንደሚሉት ነው። ራዲዮ ባለበት ቤት የባትሪ ድንጋይ ያልቃል፤ ድንጋዩ ሲገኝ ትምህርቱ የሚሰጥበት ሰዓት ከብት የሚወጣበት ሰዓት ይሆናል። ስለ ስልኩ ብዙ ባንናገር ይሻላል። «ለትምህርት ነው» ብለን ስልክ ስንለምን ወላጆቻችን በጥርጣሬ ዓይን ይመለከቱን ነበር፤ ጥርጣሬያቸውም ሁልጊዜ ከንቱ አልነበረም።

የራዲዮው ዋና ጉድለት ግን ባትሪው አይመስለንም። በራዲዮ ውስጥ ያለው መምህር «አሁን መልሱን ጻፉ» ይልና ጥቂት ዝም ብሎ ያልፋል። ልጁ ይጻፍ አይጻፍ፣ ይግባው አይግባው አያውቅም። ልጁም አለመታየቱን ያውቃል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግነው የጥናት ደወል ለምደን ነበር፤ ደወሉ ሲደወል እንቀመጣለን፤ ሲደወል እንነሣለን። ቤት ስንገባ ደወልም የለ፣ የሚያየንም የለ። ያን ጊዜ ያጠናን የነበረው ከደወሉ ኋላ የቆመው ሰው እንደ ነበረ ገባን።

በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1937 የልጅነት ልምሻ በሽታ በገባ ጊዜ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ልጆች ለጥቂት ሳምንታት በራዲዮ ተምረዋል። የትምህርቱ ጥያቄ በየጋዜጣው ይታተም ነበር፤ ያልገባው ልጅ ወላጅ ደግሞ በስልክ መምህራንን የሚጠይቅበት መሥመር ተዘጋጅቶለት ነበር። ስለዚህ ከራዲዮው ኋላ የሚመልስ ሰው ነበረ። እኛ ዘንድ የጎደለው ይኸው ሰው ነው።

በእርግጥ ያለ ትልቅ ሕንፃ መማር ለዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም። ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አባ ለዝማሬና ለመዋሥዕት የታወቁ የአብነት ትምህርት ቦታዎች ናቸው። የቆሎ ተማሪ ጎጆ ቀልሶ፣ ኮቾሮ ለምኖ፣ ያለ ወንበርና ያለ መብራት ይማራል። ታዲያ ያ እንዴት ሆነለት ብንል የኔታ ስላሉ ነው። ተማሪው የቃሉን በፊታቸው ይላል፤ ሲሳሳት ያቆሙታል፤ ደግሞ ይላል። ሕንፃ ባይኖርም የሚያዳምጥ ጆሮ አለ።

ከዚህ የተነሣ አንድ ያየነውን ነገር ልንነግራችሁ እንወዳለን። ትምህርት ቤቱ ተከፍቶ ስንመለስ ብዙ ካልረሱት ጓደኞቻችን መካከል እናቶቻቸው ፊደል ያልቈጠሩ ነበሩ። እናትዮዋ ማታ እንዝርቷን ይዛ ምድጃ ዳር ትቀመጥና «በል የዛሬውን ንገረኝ» ትላለች። ልጁ የማባዛት ሠንጠረዡን ይላል። እርስዋ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት እንደሆነ ባታውቅም መንተባተቡን ታውቃለች። «እዚህ ላይ ተያዝክ፤ ደግመህ በለው» ትላለች። ነገ ማታም እዚያው ላይ ትጠብቀዋለች። ይህ ልጅ በጥቅምት ሲመለስ ሠንጠረዡ በአፉ ነበር። ቴሌቪዥን ካለበት ቤት የመጣ ሌላ ልጅ ግን ማንም ስላልጠየቀው እንደ አዲስ ጀመረ።

ይህን ስንናገር ወላጅ መምህርን ይተካል ማለታችን እንዳይመስላችሁ። «ወላጆች ልጆቻቸውን በቤት ያስተምሩ» የሚለውን ምክር የሚሰጡት ሰዎች እናት በቀን ስንት ጊዜ ውኃ እንደምትቀዳ ያሰቡበት አይመስለንም። ደግሞም በቃል የሚባል ነገር አለ፤ በቃል የማይባልም አለ። ክፍልፋይና እንግሊዝኛ በእንዝርት ዳር አይገቡም። ልጃገረድ ከሆነች ደግሞ ማታ ከመጠየቋ በፊት እንጀራው፣ እንጨቱና የምታዝለው ታናሽ ይቀድሟታል። ወንድሟ ሲጠየቅ እርስዋ ምድጃው ዘንድ ሆና በጆሮዋ የተማረች መሆኗን እኅቶቻችን ነግረውናል። ይህ ደግሞ ልብ ሊባል ይገባዋል።

ብዙ ወላጆች ያዘኑበት ሌላም ነገር ነበር። ከ8ኛና ከ12ኛ ክፍል በቀር ሌሎቻችን ያለ ዓመት መጨረሻ ፈተና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፍን። ልጁ ሲደሰት አባት «ሳይመዘን የገባ እህል» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። በ2012 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ተማሪዎች የነበሩት በ2014 ዓ.ም. 12ኛ ክፍል ጨርሰው አገር አቀፉን ፈተና ሲወስዱ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ሆኑ። የዚህ ምክንያቱ የዚያ ሰባት ወር መዘጋት ብቻ ነው ለማለት አንደፍርም። ጦርነትም ነበረ፤ የፈተናው አሰጣጥም ተለውጦ ነበር። ነገር ግን ራሱን የነቀነቀው አባት በከንቱ አልነቀነቀም።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ታውቁታላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ጦርነቱ ጋይንት ደረሰ፤ ከባድ መሣሪያም በከተማችን ላይ ወደቀ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን ብዙ ትምህርት ቤቶች በበሽታ ሳይሆን በግጭት ምክንያት ተዘግተዋል። ስለዚህ እኛ ዛሬ የምንናገረው ስላለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከእኛ ጋር 1ኛ ክፍል ከገቡት ስንቶቹ በዚህ አዳራሽ እንዳሉ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል።

እንግዲህ የምንለምነው ጥቂት ነው። መምህሮቻችን፤ በሩ ክፍት ሳለ እያንዳንዱ ተማሪ የት እንደሚኖር፣ ቤቱ ራዲዮ እንዳለና እንደሌለ፣ ማን ማታ እንደሚጠይቀው የሚገልጽ መዝገብ ይኑረን። መዘጋት ሲመጣ መዝገቡን ለማዘጋጀት ጊዜ አይገኝም። ወላጆቻችን፤ ማታ ስትጠይቁን ሴት ልጃችሁንም ከምድጃው አንሥታችሁ ጠይቁ። እኛም ከ12ኛ ክፍል የምንሰናበተው ባዶ እጃችንን አልቀረብንም። ክረምቱን በየሰፈራችን አምስት አምስት ታናናሽ ተማሪዎችን በሳምንት ሁለት ማታ ሊያዳምጡ የፈቀዱ የጓደኞቻችን ስም በየቀበሌው ተጽፎ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ተለጥፏል። ልጅ ያላችሁ ወላጆች ከዚህ ስትወጡ በዚያ በኩል አልፋችሁ የልጃችሁን ስም ከሰፈራችሁ ዝርዝር ሥር አስጽፉ። መጻፍ ለማይችሉ ወላጆች የሚጽፉ ሁለት ተማሪዎች በሩ አጠገብ ቆመዋል።