ለረጅም መንገድ የሚሆን ያገለገለ የናፍጣ መኪና አመራረጥ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በአዳማ ከተማ የተደረገ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች አንድ የሙያ ጉዳይ መርጬ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ስለ ድልድይ ወይም ስለ መስኖ ቦይ እናገራለሁ ብለው የጠበቁ ሳይኖሩ አይቀሩም። እኔ ግን የመረጥሁት ወደ ድልድዩና ወደ ቦዩ ስለሚያደርሰን ነገር ነው። ከመካከላችን የብዙው ሰው መኖሪያ አዳማ ሲሆን ሥራው በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ፣ በወንጂ፣ በመተሐራና በአሰላ የተበተነ ነው። ሰኞ በመተሐራ የሸንኮራ እርሻ ቦይ ሲለካ የዋለ ሰው፣ ረቡዕ ባቱ ላይ ፓምፕ ሲያስተክል ይገኛል። በዚህ ዓይነት ኑሮ በዓመት 40 ወይም 50 ሺህ ኪሎ ሜትር መንዳት ብርቅ አይደለም። መኪናውም ብዙውን ጊዜ የመሥሪያ ቤት ሳይሆን በቁጠባና በብድር የተገዛ የግል ንብረት ነው። ስለዚህ በአመራረጥ ላይ የሚደርስ ስሕተት የአንድን ቤተ ሰብ የብዙ ዓመት ድካም በአንድ ዳገት ላይ ሊያስቀረው ይችላል።

ዳገት ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ባልደረባችን ስድስት ዓመት አጠራቅሞ የገዛው፣ ቀለሙ እንደ መስታወት የሚያበራ፣ ወንበሩ ቆዳ የለበሰ መኪና፣ በሦስተኛው ሳምንት ከአዳማ ወደ አሰላ ሲወጣ ኢተያ ሳይደርስ ውኃውን አፍልቶ ቆመ። ቴስታታው ተሰንጥቆ ኖሯል። ስንጥቁ የቆየ ለመሆኑ በውስጡ የተገኘው ዝገት ምስክር ነበር። ሻጩ መኪናውን ያስሞከረው ግን በአዲስ አበባ ሜዳ መንገድ፣ ሞተሩን አስቀድሞ አሙቆ፣ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነበር።

አሁን ወደ ገበያው ሁኔታ ልለፍ። በቀደሙት ዓመታት ያገለገለ መኪና የሚፈልግ ሰው ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ አስመጥቶ በጅቡቲ በኩል ያስገባ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ታክስ ስለ ጣለ ይህ በር ጠበበ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ስለሆነም ከዚያ ወዲህ የናፍጣ መኪና ለሚሻ ሰው ምርጫው አስቀድመው ከገቡት መካከል ሆነ። የውጭ መጽሔቶች የሚሰጡት ምክር፣ ማለትም ዕድሜው ከአምስት ዓመት ያልበለጠ፣ ኪሎ ሜትሩ ከ100 ሺህ ያልዘለለ ፈልጉ የሚለው፣ ለእኛ የሚሠራበት ቦታ ጠባብ ነው። እኛ የምንገዛው ያረጀ መኪና ነው። ጥያቄው ምን ያህል አረጀ ሳይሆን እንዴት አረጀ የሚለው ይሆናል።

ናፍጣ ለምን? ብሎ የሚጠይቅ አባል ቢኖር ጥያቄው ተገቢ ነው። ቀድሞ መልሱ ቀላል ነበር፤ ናፍጣ ከቤንዚን ይረክስ ነበርና። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ግን የሁለቱ ዋጋ ተቀራረበ። የቀረው ብልጫ የሞተሩ ጠባይ ነው። የናፍጣ ሞተር አየሩን አብልጦ ስለሚያምቅ ከአንድ ሊትር የሚያገኘው ሥራ ይበልጣል። ለምሳሌ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ቤንዚን በሚጠጣ ከባድ መኪና ፈንታ 8 ሊትር ናፍጣ የሚበቃው ቢገዛ፣ በ50 ሺህ ኪሎ ሜትር 2 ሺህ ሊትር ይተርፋል። በዓመት 10 ሺህ ብቻ የሚነዳ ሰው የሚያተርፈው ግን 400 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ጥቂት የሚነዳ ሰው ለስሙ ብሎ ናፍጣ ባይገዛ እመክራለሁ።

በዕድሜ የምትበልጡን አባላት ፔዦ 504ንና መርሴዲስ 240 ዲን ታስታውሳላችሁ። መርሴዲስ የመጀመሪያውን የናፍጣ የቤት አውቶሞቢል፣ 260 ዲን፣ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1936 ነው። ከዚያ ዘር የመጡት መኪናዎች ስማቸው የገነነው በፍጥነታቸው ሳይሆን ባለመሞታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንድ የግሪክ የታክሲ ሾፌር 4.6 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር የተነዳ 240 ዲ መኪናውን ለፋብሪካው ሙዚየም አስረክቧል። ይህ ወሬ ሲነገር ግን አንድ ነገር ይዘለላል። በዚያ ሁሉ መንገድ ሞተሩ አንድ አልነበረም፤ በየጊዜው እየወረደ ሌላ ይተካለት፣ የወረደውም ታድሶ ተራውን ይጠብቅ ነበር። መኪናው ያን ያህል የቆየው የሚከፈት፣ የሚጠገንና የሚለወጥ ስለ ነበረ ነው።

የኔም ዋና ነጥብ ይኸው ነው። በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለሚሠራ ሰው ጥሩ የናፍጣ መኪና ማለት የአዳማ፣ የመቂና የሻሸመኔ መካኒክ ከፍቶ መዝጋት የሚችለው፣ መለዋወጫውም በቅርብ የሚገኝለት ሞተር ያለው መኪና ነው። ምቾቱና ክብሩ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። በዚህ መለኪያ የቆዩት የቶዮታ ሞተሮች፣ ማለትም ሃይሉክስ ላይ የምናውቃቸው 3ኤልና 5ኤል፣ እንዲሁም ሃርድ ቶፕ ላይ ያለው ባለ 4.2 ሊትሩና ባለ ስድስት ሲሊንደሩ 1ኤችዜድ፣ ብዙ ርቀት ይሄዳሉ። ተርቦ የላቸውም፤ ፓምፓቸው ሜካኒካዊ ነው፤ ድምፃቸውም የእንግዳ ጆሮ ያደነቁራል። ከእነዚህ በኋላ የመጡት፣ በፕራዶና በአዲሱ ሃይሉክስ የሚገኙት ኮመን ሬይል ሞተሮች፣ ጉልበታቸው የላቀ፣ ፍጆታቸውም የተሻለ ነው። ነገር ግን ናፍጣውን ከ1 ሺህ ባር በሚበልጥ ግፊት የሚረጩ በመሆናቸው፣ በኢንጀክተሩ ውስጥ ያለው ክፍተት የሚለካው በጥቂት ማይክሮን ነው። በጄሪካን የተገዛ፣ ውኃ የገባበት ወይም ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ የቆየውን ሞተር ያስለዋል፤ አዲሱን ግን ይገድለዋል። ናፍጣ በጠፋ ጊዜ ከመንገድ ዳር የመግዛት ግዴታ የሚያጋጥመው ሰው ይህን አስቀድሞ ያስብበት።

ስለ ከፍታ ደግሞ ጥቂት ልበል። መንገዳችን መሰላል ነው። መተሐራ 950 ሜትር ያህል፣ አዳማ ከ1600 በላይ፣ አሰላ ደግሞ 2400 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በአሰላ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል፤ 72 የፈረስ ጉልበት የነበረው አሮጌ 240 ዲ እዚያ ሲደርስ 54 ያህል ይቀረዋል ማለት ነው። ፓምፑ በባሕር ጠለል ልክ እንደ ተስተካከለ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የመጣ መኪና ከሆነ ደግሞ፣ ለሌለው አየር ናፍጣ እያፈሰሰ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህ ሕመም በቀላሉ የሚድን ነው፤ ፓምፕና ኖዝል የሚያስተካክል ባለሙያ ይበቃዋል። ሰማያዊ ጭስ ግን የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን ስለሚያመለክት፣ ፋሻው ወይም የተርቦው ማኅተም አልቋል ማለት ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የማይጠፋ ነጭ ጭስ ደግሞ ውኃ ወደ ሲሊንደሩ መግባቱን ሊያሳይ ስለሚችል፣ በእኔ አስተያየት ድርድሩን እዚያው ላይ ማቆም ይሻላል።

ስለ ውኃ ካነሣን፣ የስምጥ ሸለቆን ውኃ ጠባይ የማያውቅ በመካከላችን የለም። የወንጂንና የአካባቢውን ነዋሪ ጥርስ ያበለዘው ፍሎራይድ የጉድጓድ ውኃችን በማዕድን የከበደ ለመሆኑ አንዱ ምልክት ነው። የበሰቃ ሐይቅ ውኃ ደግሞ ጨዋማና አልካላይን ነው። ይህን የመሰለ ውኃ በራዲያተር ውስጥ ደለል ይጥላል፤ ቴስታታው አሉሚንየም ከሆነም ቀስ በቀስ ይበላዋል። በመንገድ ላይ ካገኘው ቦኖ ሁሉ ሲሞላ የኖረ ሾፌር የነዳው መኪና የራዲያተር ክዳኑ ሲከፈት ራሱን ያጋልጣል፤ ቀዳዳው ዙሪያ ነጭ ቅርፊት፣ ውስጡ ቡናማ ጭቃ ነው። ከኮፈኑ በታች ለማየት ሁለት ደቂቃ ብቻ የተሰጠው ገዢ ቢኖር፣ ሁለቱንም ደቂቃ በራዲያተሩና በአየር ማጣሪያው ላይ እንዲያጠፋ እመክረዋለሁ። የሞጆና የአዳማ አካባቢ አቧራ ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣና ብርጭቆ የሚመስል ስለ ሆነ፣ በተቀደደ ማጣሪያ በኩል ገብቶ ሲሊንደሩን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተለወጠ ማግስት ስለሚጠቁር፣ የዘይቱን ቀለም አይቶ መፍረድ ከንቱ ነው።

ስለ ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የምናገረው አጭር ነው፤ አትመኑት። ቢታመንም እንኳ የሚናገረው ግማሹን ብቻ ነው። በ2007 ዓ.ም. በተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የፍጥነት መንገድና እንደ እርሱ ባሉ መንገዶች በአማካይ 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት እየሄደ 50 ሺህ የሞላ ሞተር የሠራው 833 ሰዓት ያህል ነው። በከተማ መጨናነቅ በ20 ኪሎ ሜትር አማካይ ፍጥነት ያንኑ ርቀት የሞላው ግን 2500 ሰዓት ሠርቷል። ከዚህም የባሰ አለ። አዳማ የስብሰባ ከተማ እንደ መሆኗ፣ በየሆቴሉ ደጃፍ ኃላፊው ከአዳራሽ እስኪወጣ ድረስ ለቀዝቃዛ አየር ሲባል ሞተሩን ሳያጠፋ የሚቆም ቪ-ኤይት ሁላችንም አይተናል። ናፍጣ ያለ ጭነት ለረጅም ሰዓት ሲሠራ በደንብ አይቃጠልም፤ ጥቀርሻ ይጥላል፤ ሲሊንደሩንም ያላሽቀዋል። ይህን ሁሉ ቆጣሪው አይመዘግበውም። የባለሥልጣን መኪና ስለ ሆነ በእንክብካቤ ኖሯል የሚለውን የደላላ አባባል የማልቀበለው ስለዚህ ነው። ከእንዲህ ያለው ይልቅ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር በገጠር የተጓዘ፣ ነገር ግን በየ5 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ዘይት የተለወጠበት መዝገብ ያለው የዕርዳታ ድርጅት መኪና እመርጣለሁ።

ሙከራውን በተመለከተ፣ ጊዜ የሚፈጅ ቢሆንም የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። መኪናው አዳማ ላይ ብቻ አይሞከር። የአዳማ ሙቀት የደከመ ሞተር ሕመም ይደብቃል፤ ፋሻው ያለቀ እንኳ ቁልፉ እንደ ተጠመዘዘ ይነሣል። ሻጩን አስፈቅዶ፣ አስፈላጊ ሲሆንም የነዳጁንና የማደሪያውን ከፍሎ፣ ከሰዓት በኋላ በመልካሳና በዴራ በኩል ወደ አሰላ መውጣት ይገባል። ዳገቱ ላይ የሙቀት መለኪያው ይታይ፤ አሰላ ሲደረስም የራዲያተሩ ጎማ በእጅ ይዳሰስ። ጎማው እንደ ድንጋይ ደርቆ ከተገኘ የቃጠሎው ግፊት በጓርኒሲዮኑ ወይም በቴስታታው በኩል ወደ ውኃው እየገባ ሊሆን ይችላል። መኪናው እዚያው ደጅ ያድር። ንጋት ላይ፣ ብርዱ ሳይለቅ፣ ገዢው ራሱ ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩ መቀዝቀዙን በእጁ ካረጋገጠ በኋላ ያስነሣው። ካንዴላዎቹ ደኅና ሆነው ሳለ ብዙ እየተንገጫገጨና ነጭ ጭስ እየተፋ የሚነሣ ከሆነ እመቃው ወርዷል። ከተነሣ በኋላ የዘይት መሙያው ክዳን ተከፍቶ ይታይ፤ እንደ ጀበና አፍ ትንፋሽ የሚያወጣ ሞተር ብዙ ሳይቆይ መውረዱ አይቀርም። ይህን ጉዞ የማይፈቅድ ሻጭ ቢኖር፣ መከልከሉ ራሱ መልስ ነው።

አንድ የተቃውሞ ሐሳብ በቅንነት መነሣት ይኖርበታል። አንዳንድ ወጣት ባልደረቦቻችን ይህ ሁሉ ያለፈ ዘመን ወግ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግዙ ይላሉ። በአዳማና በአዲስ አበባ መካከል ብቻ ለሚመላለስ ሰው ልክ ናቸው። ደርሶ መልሱ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ማታ ቤቱ ሊሞላ ይችላል፤ ዘይት፣ ኖዝልና ፓምፕ የሚባል ነገር አያውቅም። ጠዋት ባቱ፣ ቀን ሻሸመኔ፣ ማታ አዳማ ለሚል ሰው፣ ወይም ከአስፋልት ወጥቶ በእርሻ መንገድ ለሚውል ሰው ግን ስሌቱ ለጊዜው ወደ ናፍጣ ያደላል። እያንዳንዱ አባል ከመግዛቱ በፊት የሦስት ወር መንገዱን በማስታወሻ ቢመዘግብ፣ የትኛው ወገን እንደ ሆነ ከማንም ምክር በተሻለ ያውቀዋል።

በመጨረሻ ስለ ወረቀቱ። ከዕርዳታ ድርጅቶችና ከኤምባሲዎች በጨረታ የሚሸጡ መኪናዎች በአብዛኛው ከቀረጥ ነፃ የገቡ ናቸው። ስመ ንብረቱ ወደ ግለ ሰብ ከመዛወሩ አስቀድሞ ቀረጡና ታክሱ መከፈል አለበት፤ በአሮጌ መኪና ላይ ይህ ሒሳብ ከጨረታው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። በጨረታው ሰነድ ላይ ከፋዩ ሻጩ ወይም ገዢው መሆኑ በግልጽ ተጽፎ ካልተገኘ ማስያዣ አታስይዙ። በሊብሬው ላይ ያለው የሞተርና የሻንሲ ቁጥርም በብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር በዓይን ይመሳከር፤ በተለይ ሞተሩ ወርዶ ሌላ ተተክቶለት ከሆነ ለውጡ በመንገድ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት መመዝገቡ ይረጋገጥ፤ አለዚያ በቦሎ ጊዜ ችግሩ ከአዲሱ ባለ ንብረት ላይ ይወድቃል።

የቀረውን ጊዜ ለጥያቄዎቻችሁ እተዋለሁ።