ቁርጡን የሚናገር ዕቅድ

(በ2018 ዓ.ም. የአዲስ ዓመት ዝግጅታችን ላይ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ፣ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ የቀረበ ንግግር)



የዝግጅት ኮሚቴው ስለ ዕቅድ እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። እኔ አምስት መስከረም ሙሉ አንድ ዓይነት ዕቅድ የጻፍኩ ሰው ነኝ። «ዘንድሮ የነርስነት ትምህርቴን እጀምራለሁ» ይላል። ኅዳር ሲደርስ ኦቨርታይም ይበዛል፣ ከአገር ቤት ስልክ ይመጣል፣ ለትምህርት ያስቀመጥኩት ገንዘብ ይሄዳል፣ ዕቅዱም ለሚቀጥለው መስከረም ይተላለፋል። ስንፍና አልነበረም። በሳምንት 60 ሰዓት እሠራ ነበር። እዚህ የተቀመጥን አብዛኞቻችንም በሥራ አንታማም።

ያን ጊዜ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ረዳት ሆኜ የሌሊት ሺፍት እሠራ ነበር። በየታካሚው ፋይል ውስጥ ነርሶቹ የሚጽፉት የእንክብካቤ ዕቅድ አለ። አንድ ሌሊት የአንዲት አሮጊትን ፋይል ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ። ዕቅዱ «ይሻላቸዋል» አይልም። «በሁለት ሳምንት ውስጥ በዎከር 20 እርምጃ ይራመዳሉ፤ ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ከሰዓት ከእንቅልፍ ሲነሱ፤ አንድ ሰው አጠገባቸው ይሁን» ይላል። የእኔ ዕቅድ ግን «ይሻለኛል» ከማለት አያልፍም ነበር። ቀን የለው፣ ሰዓት የለው፣ አጠገቤ የሚቆም ሰው የለው።

ኋላ ትምህርት ቤት ስገባ ይህ አሠራር ታሪክ እንዳለው ተማርኩ። አይዳ ጂን ኦርላንዶ የተባለች አሜሪካዊት ነርስ በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ መሠረቱን ከጣሉት አንዷ ናት። ዛሬ በአምስት ደረጃ እንማረዋለን፦ መመርመር፣ ችግሩን በስሙ መጥራት፣ ማቀድ፣ መሥራት፣ መገምገም። ልብ በሉ፤ ማቀድ ሦስተኛ ነው። እኛ ግን መስከረም 1 ቀን የምንጀምረው ከሦስተኛው ነው።

ስለዚህ እኔም ከምርመራው ጀመርኩ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። የአንድ ወር የደመወዝ ወረቀቴን ይዤ ሰዓቴ የት እንደሚሄድ ጻፍኩ፤ ሥራ፣ እንቅልፍ፣ መንገድ፣ ማብሰል፣ ለቅሶ፣ ስልክ። የእኔ ሆኖ የተረፈኝ 6 ሰዓት ብቻ ነበር። ባለ 3 ክሬዲት አንድ ኮርስ ደግሞ 3 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 6 ሰዓት ያህል ጥናት ይፈልጋል። ድምሩ 9 ነው፤ ሦስት ሰዓት ጎደለኝ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ የ8 ሰዓት ሺፍት ብተው በሳምንት 4 ሰዓት አገኛለሁ። ሒሳቡ ቀላል ነው።

ሺፍቱን መተው ግን ቀላል አልነበረም። ያቺ ሺፍት ወደ ቤት የምልካት ገንዘብ ነበረች። ችግሩን በስሙ መጥራት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ችግሬ የጊዜ ማጣት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ለቤተሰቤ ቁርጡን መናገር አለመቻሌ ነው። ስልክ በተደወለ ቁጥር «እሺ፣ እልካለሁ» እላለሁ። አንዳንዴ እልካለሁ፣ አንዳንዴ አጣለሁ፤ «አልችልም» ብዬ ግን አላውቅም።

አንድ እሑድ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ ከእንግዲህ በየወሩ መጀመሪያ ይህን ያህል እልካለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም። ትምህርቴን እስክጨርስ ታገሺኝ» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። ከዚያ፣ «አንቺ ልጅ፣ ቁርጡን ማወቁ ይሻለኛል። አንቺ ‹እልካለሁ› ስትይ እኔ እሱን ተማምኜ ከጎረቤት እበደራለሁ። ሳይመጣ ሲቀር በደጃቸው ማለፍ ያሳፍረኛል» አለችኝ። በ«እሺ»ዬ የጠቀምኳት መስሎኝ ለዓመታት ዕዳ ውስጥ ስከታት ኖሬያለሁ።

ሁሉም እንደ እናቴ አልተቀበለኝም። አንድ ዘመዳችን ሁለት ዓመት አላናገረኝም፤ ዛሬም እንደ ድሮው አይደለንም። ቁርጥ መናገር እንደሚያስከፍል አውቃችሁ ግቡበት ብዬ ነው የምነግራችሁ።

ዕቅዱን ለማውጣት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። እቁብ አለን። የራሱን የሐኪም ቀጠሮ የሚረሳ ሰው የእቁቡን ቀን አይረሳም። ለምን? መጠኑ ይታወቃል፣ ቀኑ ይታወቃል፣ ዳኛ አለው፣ የሚጠብቅ ሰው አለ። እኔም ጥናቴን እንደ እቁብ አደረግሁት። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ። ዳኛዬ አንዲት ጓደኛዬ ነበረች፤ ስደርስ መልእክት እልክላታለሁ፣ ካልደረሳት ትደውላለች። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጽሑፍ፣ «ይህ ሰዓት ሲደርስ፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ የወሰነ ሰው «አደርጋለሁ» ብቻ ካለው ይልቅ የመፈጸም ዕድሉ ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ለእቁብተኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ አናቶሚ ወደቅሁ። ዕቅዴ ውስጥ ስለ መውደቅ አንድም መስመር አልነበረም፤ ደብተሩን ልቀደው ምንም አልቀረኝ። በሆስፒታል ግን ታካሚው 20 እርምጃ ካልተራመደ ፋይሉን አንጥልም። «ለምን? ሕመም ነው? ድካም ነው? ግቡን 10 እናድርገው?» እንላለን። አምስተኛው ደረጃ ይህ ነው። ስለዚህ በየዕቅዳችሁ ሥር «ካልተሳካ ምን አደርጋለሁ?» የሚል መስመር ጻፉ። ለምሳሌ የነርስነት ፈቃድ ፈተናው ኤንክሌክስ ላይ የወደቀ ሰው እንደገና ለመቀመጥ ቢያንስ 45 ቀን መጠበቅ አለበት። እነዚያን 45 ቀናት በምን እንደምትሞሏቸው አስቀድማችሁ ብታውቁ ሐዘኑ አይጥላችሁም።

መስከረም ለእኛ ከጃንዋሪ ይልቅ የሚመች የዕቅድ ወር ነው። መንገዱ ገና በረዶ የለበትም፣ በመጋዘኖቹ የኅዳርና የታኅሣሥ ግርግር አልጀመረም። የትምህርት ገንዘብ ድጋፍ መጠየቂያው ፋፍሳ በተለመደው ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፤ ከእንቁጣጣሽ በኋላ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ይኸው የቆምንበት ክሊቭላንድ አቬኑ ወደ መሀል ከተማ ሲወርድ ኮሎምበስ ስቴት ኮሌጅ ያደርሳል፤ ሲማክስ አውቶቡስም ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመላለስበታል። በጤና ሥራ መጀመር የሚፈልግ፣ በኦሃዮ የነርስ ረዳት ሥልጠና ዝቅተኛው 75 ሰዓት ነው። በአገር ቤት ዲግሪ ኖሯችሁ መጋዘን ለምትሠሩ፣ የመጀመሪያው እርምጃ «ሙያዬን እመለስበታለሁ» ማለት አይደለም፤ ከዩኒቨርሲቲያችሁ የትምህርት ማስረጃውን የሚያስልክላችሁን ሰው በስም መጻፍ ነው። «ጤንነቴን እጠብቃለሁ» ለምትሉ እናቶችና አባቶች ደግሞ፦ እሑድ ጠዋት ቡና ከመጠጣታችሁ በፊት፣ አምስት ደቂቃ በጸጥታ ተቀምጣችሁ ደም ግፊታችሁን ለኩ፤ ቁጥሩን ጽፋችሁ ለሐኪማችሁ አሳዩ።

በመጨረሻ ስለ ማኅበራችን አንድ ነገር ልበል። በየዓመቱ በዚህ አዳራሽ ስሜት ሲሞቅ እጃችንን አውጥተን ትልልቅ ቁጥር እንናገራለን። ደሴ ያለው ኮሚቴ ያንን ቃል ይዞ ከአናጺና ከግንበኛ ጋር ይዋዋላል። ቃላችን ሲጎድል፣ እንደ እናቴ፣ በሰው ደጅ ማለፍ የሚያፍሩት እነሱ ናቸው። ስለዚህ ዘንድሮ ቁጥሩን አሳንሰን ቀኑን እንጻፍበት። በወር 10 ዶላር በትክክል የሚከፍል አባል በዓመት 120 ዶላር ይሰጣል፤ 500 ብሎ ከጠፋው ይልቅ ሥራ ያስጀምራል።

በየጠረጴዛው ላይ ወረቀት አለ። አራት መስመር ብቻ ጻፉበት፦ ምን፣ መቼና የት፣ ዳኛዬ ማን ነው፣ ካልተሳካ ምን አደርጋለሁ። ከዚያ በፊት ግን ማታ ቤት ስትገቡ 168ቱን ሰዓት ቁጠሩ፤ ቁርጡን መስማት ያለበት ሰው ካለም ደውሉለት። ግምገማውን ጳጉሜ ላይ እናድርግ። ከአሥራ ሁለቱ ወር ተርፋ የተሰጠችን ለዚህ ሳትሆን አትቀርም። እኔም የራሴን ወረቀት ይዤ እመጣለሁ።